ኦቲዝም በዛ ወይስ ምርመራው? የተማሪ ልጆች ጉዳይ ሲዳሰስ

ላሬዶ በደቡብ ቴክሳስ፣ በሜክሲኮ ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ2022 በ16 አካባቢዎች የሚኖሩ የስምንት ዓመት ልጆችን መዝገብ ሲያገላብጥ፣ በላሬዶ ከ103 ልጆች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ቆጠረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በካሊፎርኒያ፣ ሳንዲዬጎ አካባቢ ደግሞ ከ19 ልጆች አንዱ ሆነ። አገሩ አንድ ነው፤ ዓመቱም የአቆጣጠሩም ዘዴ አንድ ነው። ልዩነቱ ግን ከአምስት እጥፍ ይበልጣል።

የልጆች አንጎል ከከተማ ከተማ ይህን ያህል አይለያይም። የሚለያየው ልጁን የሚያየው ሰው ነው። በሳንዲዬጎ የሕፃናት ሐኪሞች ልጆችን ገና በጨቅላነታቸው እንዲያጣሩና ሲጠረጥሩ ወዲያው ወደ ባለሙያ እንዲልኩ የሚያሠለጥን ፕሮግራም ለዓመታት ሠርቷል። ላሬዶ ነዋሪዋ በአብዛኛው ስፓኒሽ ተናጋሪ፣ ገቢውም ዝቅተኛ ነው። እንግዲህ «የኦቲዝም ስም ከልክ በላይ እየተሰጠ ነው ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ መጀመሪያ «የት?» ብሎ መመለስ ግድ ይላል።

ይህ ክርክር ከሐኪሞች ጉባኤ ወጥቶ ወደ ፓርላማና ወደ ጋዜጣ ከገባ ቆይቷል። አንዱ ወገን ትንሽ ዓይን አፋር የሆነ፣ ትንሽ የተቅበጠበጠ ልጅ ሁሉ ስም እየወጣለት ነው ይላል። ሌላው ወገን ለዘመናት ተረስተው የኖሩ ልጆች ገና አሁን መታየት ጀመሩ ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። እኔ ግን ሁለቱም ስለ ሐኪሙ ወረቀት ብዙ ሲናገሩ፣ ወረቀቱ ስለሚከፍተው በር ጥቂት ማለታቸው ያሳስበኛል። የሐኪም ወረቀት ወደ እርዳታ ብቸኛ መግቢያ በሆነበት አገር ሁሉ ሁለት ጥፋቶች ጎን ለጎን ይበቅላሉ፤ ለማያስፈልገው ልጅ ስሙ ይሰጣል፣ የሚያስፈልገው ልጅ ይነፈጋል። ሁለቱንም የሚያቃልለው ወረቀት ሳይጠብቅ በክፍል ውስጥ የሚጀመር ድጋፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ከቁጥሩ ታሪክ ልጀምር።

በ1943 የጆንስ ሆፕኪንሱ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር ኦቲዝምን የገለጹት በ11 ልጆች ታሪክ ነበር። ልጆቹ ከሰው ጋር መግባባት የከበዳቸው፣ የለመዱት ነገር ሲቀየር የሚሸበሩ ነበሩ። በ1966 ተመራማሪው ቪክቶር ሎተር በእንግሊዝ ሚድልሴክስ ከ8 እስከ 10 ዓመት ያሉትን ልጆች ሲቆጥሩ ከ10 ሺህ ልጆች ያገኙት 4 ወይም 5 ብቻ ነው። በሩን ይበልጥ የከፈቱት ራሳቸው ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሎርና ዊንግ ናቸው። ከጁዲት ጉልድ ጋር በካምበርዌል ባደረጉትና በ1979 በታተመው ጥናት፣ የካነርን መስፈርት የማያሟሉ ነገር ግን ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ብዙ ልጆች መኖራቸውን አሳዩ። በ1981 ደግሞ ሐኪሙ ሐንስ አስፐርገር በቪየና በ1944 ስለ መሰል ልጆች የጻፉትን ከተረሳበት አንስተው አስተዋወቁ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በ1994 እትሙ በአስፐርገር ስም የተጠራውን እክል ጨመረ፤ በ2013 ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ «የኦቲዝም ስፔክትረም» አለው። ከዚያ ወዲህ አንድ ልጅ ኦቲዝምም፣ ኤዲኤችዲም (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ እክል) አለበት ሊባል ይችላል፤ ቀድሞ ግን አንዱ ከተሰጠ ሌላው ይከለከል ነበር።

በሩ በሰፋ ቁጥር የሚገባው ቢበዛ አይገርምም። በሲዲሲ ቆጠራ በ2000 ከ150 ልጆች አንድ የነበረው በ2010 ከ68 አንድ፣ በ2020 ከ36 አንድ፣ በ2022 ከ31 አንድ ሆኗል። የ1994ቱን መመሪያ ያዘጋጀውን ግብረ ኃይል የመሩት አለን ፍራንሲስ ራሳቸው፣ የመስፈርቱ መላላት ያስከተለውን መብዛት አስቀድመው እንዳልገመቱት በአደባባይ ሲናገሩ ኖረዋል።

የቁጥሩን ዕድገት ፈትተው ያዩ ጥናቶች አሉ። በዴንማርክ በ2015 የታተመው ጥናት ከጭማሪው 60 በመቶ ያህሉ የመጣው መስፈርቱ በመቀየሩና ተመላላሽ ታካሚዎችም በመዝገብ መካተት በመጀመራቸው መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት በስዊድን የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ በወላጆች አንደበት የተገለጸው የኦቲዝም ምልክት ከዓመት ዓመት ባለበት ቆሞ፣ በመዝገብ የሰፈረው ዳያግኖሲስ ግን ሽቅብ ሲወጣ አገኘ። በካሊፎርኒያ ተመራማሪዎቹ ማሪሳ ኪንግና ፒተር ቤርማን መዝገብ ሲመረምሩ ከጭማሪው ሩብ ያህሉ ቀድሞ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለባቸው ይባሉ የነበሩ ልጆች ስማቸው በመቀየሩ የመጣ ሆነ። የአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ኦቲዝምን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ የጨመረው በ1990 መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። ከዚያ በፊት በቅጹ ላይ «ኦቲዝም» የሚል ሳጥን እንኳ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ክትባትና ስለ ፓራሲታሞል አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ከእናቶቻችን አፍ የማይጠፋ ጭንቀት ነውና። በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ በ12 ልጆች ላይ የቆመ ነበር፤ ያተመው መጽሔት በ2010 ሰርዞታል። በስዊድን ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችን ተከታትሎ በ2024 የታተመው ጥናት ደግሞ የአንድ እናት ልጆችን እርስ በርስ ሲያነጻጽር፣ በእርግዝና ወቅት የተወሰደ ፓራሲታሞል የኦቲዝምን ዕድል እንደማይጨምር አገኘ። ቁጥሩ ስለጨመረ ብቻ «ወረርሽኝ» የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ የተደናገጠች እናት የምትከፍለው ዋጋ ከባድ ነው፤ ልጇ ላይ ያደረሰችው ጥፋት ያለ እየመሰላት ሌሊቱን ስትብሰለሰል ታድራለች። ይህን ሸክም ያለ ማስረጃ ማሸከም ግፍ ነው።

ታዲያ ጭማሪው በሙሉ የተረሱት መገኘት ነው? አይደለም። እኔን ያሳመነኝ የሲዲሲው ሌላ ቆጠራ ነው። ከባድ ኦቲዝም የሚባለው፣ ማለትም ልጁ ጭራሽ የማይናገር ወይም በጥቂት ቃላት የተወሰነ፣ አልያም የአእምሮ ዕድገቱ በእጅጉ የዘገየ ሲሆን፣ ከ2000 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ከሺህ ልጆች 2.7 ከነበረበት ወደ 4.6 ከፍ አለ። ቀለል ያለው ግን ከሺህ 3.9 የነበረው 14.3 ደረሰ። የጨመረው በዋናነት ቀላሉ ዳር ነው፤ ቀላሉ ዳር ደግሞ ድንበሩ የደበዘዘበት፣ ዓይን አፋርነት፣ ጭንቀት፣ የቋንቋ መዘግየትና ኤዲኤችዲ የሚገናኙበት ቦታ ነው። በካናዳ የሚሠሩት የኦቲዝም ተመራማሪ ሎራን ሞትሮን የተሳተፉበት በ2019 የታተመ ትንታኔም፣ ኦቲዝም አላቸው በተባሉትና በሌላቸው ሰዎች መካከል በጥናቶች የሚለካው ልዩነት ከአሥርት ዓመት ወደ አሥርት ዓመት እየጠበበ መምጣቱን አሳይቷል። ከዚህ በኋላ «ያለ አግባብ የተሰጠ የለም» ብሎ መከራከር ይከብዳል።

ለምን ይሰጣል? ወደ ገንዘቡና ወደ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ እንምጣ። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ የሕፃናት ሐኪሞችና የአእምሮ ሐኪሞች ተጠይቀው በ2005 የታተመ ጥናት አለ። ከመላሾቹ ከግማሽ የሚበልጡት፣ እርግጠኛ ባልሆኑበት ጊዜ ልጁ በትምህርት ቤት ድጋፍ እንዲያገኝ ሲሉ ወደ ኦቲዝም ያደሉበት ጊዜ እንዳለ ተናገሩ። እነዚህን ሐኪሞች ለመውቀስ አንደበቴ አይነሳም። ፊታቸው የተቀመጠች እናት ልጇ ከክፍል ሊባረር መሆኑን እየነገረቻቸው፣ በጠረጴዛው ላይ ያለው ቅጽ ደግሞ «ኦቲዝም» ካላለ ረዳት መምህር አይፈቅድም። ልባቸው ያዘዛቸውን አደረጉ። ጥፋቱ ያለው በቅጹ ላይ ነው።

አውስትራሊያ በ2013 የጀመረችው ብሔራዊ የአካል ጉዳተኞች መድን ይህንኑ በአገር ደረጃ አሰፋው። «ደረጃ 2» ወይም «ደረጃ 3» የተባለ ኦቲዝም (ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የሚያስፈልገው ድጋፍ ይበዛል) ልጁን ያለ ብዙ ጥያቄ ሲያስገባ፣ «ደረጃ 1» ደግሞ በር ላይ ያስቆም ነበር። ሐኪም በ1 እና በ2 መካከል ሲያመነታ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል መገመት አይከብድም። በ2025 የጤና ሚኒስትሩ ማርክ በትለር ከሁለተኛ ክፍል ወንድ ልጆች ከስድስቱ አንዱ የመድኑ ተጠቃሚ መሆኑን ተናገሩ፤ ፍላጎታቸው ቀላልና መካከለኛ የሆነ ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም «ትራይቪንግ ኪድስ» ወደሚባል ሌላ ፕሮግራም እንደሚዛወሩ አስታወቁ። ወላጆች ደነገጡ፤ እውነት አላቸው። አዲሱ በር በደንብ ሳይከፈት አሮጌውን መዝጋት ልጅን ሜዳ ላይ መጣል ነው።

በአሜሪካ ኢንዲያና ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ኤቢኤ የሚባለው የባሕርይ ሕክምና ለልጆች የሚሰጠው በሰዓት እየተሰላ፣ አንዳንዴ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ለመንግሥት የጤና መድን ሜዲኬይድ የሚቀርበው ሂሳብም በ2017 ከነበረበት 21 ሚሊዮን ዶላር በ2023 ወደ 611 ሚሊዮን ዶላር አሻቀበ። የፌዴራል ኦዲተሮች ለናሙና 100 የተከፈለባቸውን የልጅ ወሮች ሲመረምሩ፣ በመቶውም ላይ ቢያንስ አንድ አግባብ ያልሆነ ወይም አግባብነቱ የሚያጠራጥር ክፍያ አገኙ። በጎ ሥራ የሚሠሩ ብዙ ቴራፒስቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ነገር ግን በሳምንት 40 ሰዓት ማዕከል የሚውል የ6 ዓመት ልጅ ከእኩዮቹ ጋር አንደኛ ክፍል የሚቀመጥበት ሰዓት የለውም፤ ይህ ኪሳራ በየትኛውም ሂሳብ ላይ አይጻፍም።

እንግዲህ «ቁጥሩን በገደብ እናስቁመው» የሚል ሰው ቢነሳ ወደ ቴክሳስ ይመልከት። የግዛቱ ትምህርት ኤጀንሲ በ2004 በየወረዳው ልዩ ድጋፍ የሚያገኙ ተማሪዎች ከ8.5 በመቶ እንዳይበልጡ የሚገፋፋ መለኪያ አወጣ። የአገሪቱ አማካይ ያኔ 13 በመቶ አካባቢ ነበር። ወረዳዎቹ መለኪያውን ለማሟላት ልጆችን ከደጃፍ መለሱ፤ «ትንሽ ይጠበቅ»፣ «እንግሊዝኛው ስላልገባው ነው»፣ «ምርመራውን ሐኪም ቤት አስደርጉ» እየተባለ ወላጅ ተንገላታ። በ2016 ሂውስተን ክሮኒክል የተባለው ጋዜጣ ጉዳዩን አጋለጠ፤ በ2018 የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ግዛቱ ሕግ መጣሱን አረጋገጠ። በሂውስተንና በዳላስ የሚኖሩ ሐበሾች ብዙ ናቸው፤ ልጆቻቸው በዚያ ዘመን በዚያ በር ላይ ቆመዋል። ገደብ መጣል የቆረጠው ያለ አግባብ የተሰጠውን ብቻ አልነበረም። አቤት ማለት የሚያውቅ፣ ጠበቃ የሚያቆም ወላጅ አለፈ፤ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ያለው ቀረ።

የተረሱት እነማን ናቸው ቢባል፣ ሴት ልጆች ግንባር ቀደም ናቸው። በመዝገብ ለአንዲት ሴት ከሦስት ወንዶች በላይ ይቆጠራል። ጸጥ ያለች፣ የጓደኞቿን አነጋገርና አሳሳቅ እየኮረጀች ቀኑን የምትገፋ፣ ቤቷ ስትገባ ግን በልቅሶ የምትፈነዳ ልጅ ለመምህሯ «ጨዋ» ናት። ብዙዎቹ የሚደረስባቸው ዘግይቶ፣ በጉርምስና ጭንቀት ሲያደቃቸው ነው። ከዚያ ቀጥለው ጥቁሮችና የስደተኛ ልጆች ይመጣሉ። በሲዲሲ ቆጠራ የጥቁር፣ የሂስፓኒክና የእስያ ተወላጅ ልጆች ቁጥር ከነጮቹ የበለጠው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2020 ነው። ይህ የጭማሪ ክፍል መዘግየቱ ያሳዝናል እንጂ በራሱ የሚያስደስት ነው።

አሁን ምርመራው ወደሚደረግበት ክፍል እንግባ፤ ነገሩ የሚታየው እዚያ ነውና። ለኦቲዝም የደም ምርመራ የለም፤ ራጅም አያሳየውም። ባለሙያው ወላጅን ስለ ልጁ አስተዳደግ ይጠይቃል፣ ከመምህሩ መረጃ ይሰበስባል፣ ከልጁም ጋር እየተጫወተ ያየዋል። በዓለም ላይ ብዙ የሚሠራበት መለኪያ ኤዶስ የሚባለው ሲሆን ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ለትንንሽ ልጆች በተዘጋጀው የመለኪያው ክፍል ባለሙያው የሳሙና አረፋ ይነፋል፣ ፊኛ ይለቃል፤ ልጁ ደስታውን ለማጋራት ወደ ሰው ፊት ይመለከት እንደሆነ ያያል። ከዚያ አሻንጉሊት ያመጣና ልደቷ ነው ይላል። ከጭቃ መሰል ሊጥ ኬክ ይሠራል፣ ሻማ ይሰካል፣ ይዘፈናል። ልጁ ሻማውን እፍ ይል፣ አሻንጉሊቷን ያጎርስ እንደሆነ ይታያል፤ የጎደለው ነጥብ ሆኖ ይመዘገባል።

አሁን ከወሎ ገጠር በአያቱ እጅ አድጎ፣ በአምስት ዓመቱ እናቱ ወዳለችበት አገር የደረሰ ልጅ በዚያ ወንበር ላይ አስቀምጡ። የልደት ኬክና ሻማ በሕይወቱ አላየም። ትልቅ ሰው ሲያናግረው ቀና ብሎ ትኩር ማለት ድፍረት ነው ተብሎ ነው ያደገው። የሚያናግረው ሰው ቋንቋም ገና አልገባውም። ይህ ልጅ ዝም ሲል ዝምታው ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ትልቅ ሙያ ይጠይቃል። ጥሩ ባለሙያ ከእናቱ ጋር ሲሆን እንዴት እንደሚጫወት፣ በአማርኛ እንዴት እንደሚያወራ፣ እጁን ይዞ ይጎትታት ወይስ በጣቱ ያሳያት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ጆሮውንም ሳያስመረምር አይፈርድም። የቸኮለ ባለሙያ ግን ነጥቡን ደምሮ ወረቀት ይሰጣል። ተገላቢጦሹም አለ፤ በእውነት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ «ሁለት ቋንቋ ተምታቶበት ነው» ብለው ሁለት ዓመት የሚያዘገዩትም ጥቂቶች አይደሉም።

ስለ ቋንቋ ከተነሳ አንድ ምክር አጥብቄ መቃወም እፈልጋለሁ። በውጭ አገር ያሉ ብዙ ወላጆች «አማርኛውን ተዉትና በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» ተብለዋል። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝምን አያመጣም፤ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችም በሁለት ቋንቋ በማደጋቸው ንግግራቸው እንደማይጎዳ ጥናቶች አሳይተዋል። እናት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስታወራ ቃሏ ያጥራል፣ ተረቷ ይቀራል፣ ማባበሏም ይደርቃል። ሐሳቡን ለመግለጽ ለሚቸገር ልጅ ከዚህ የባሰ ጉዳት የለም።

የአሜሪካ ሕግ ራሱ ብዙ ወላጆች የማያውቁትን ነገር ይዟል። ትምህርት ቤት ልዩ ድጋፍ ለመስጠት የሐኪም ወረቀት መጠበቅ የለበትም፤ ወላጅ በጽሑፍ ጠይቆ ፈቃዱን ከሰጠ በፌዴራሉ ሕግ መሠረት፣ ግዛቱ የራሱን የጊዜ ገደብ ካላወጣ፣ በ60 ቀን ውስጥ ትምህርት ቤቱ ራሱ መመርመር አለበት። በውጤቱ ያልተስማማ ወላጅም በመንግሥት ወጪ ገለልተኛ ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል። ከ3 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ደግሞ ግዛቶች ከፈቀዱ «የዕድገት መዘግየት» በሚል ሰፊ ስም ብቻ ድጋፍ መጀመር ይቻላል። ይህ ለእኔ የሕጉ ምርጥ አንቀጽ ነው፤ ልጁ ምን እንደሆነ ሳይቸኮል እየታየ፣ እርዳታው ግን ዛሬ ይጀምራል። አይኢፒ በሚባለው የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ ስብሰባ ላይ የተጠራ ወላጅ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲም አማርኛ ትምህርት ቤቶቹ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አምስት ስድስት ባለሙያ በተቀመጠበት ጠረጴዛ ዙሪያ የአሥራ ሁለት ዓመት ታላቅ ወንድም እንዲያስተረጉም መፍቀድ አይገባም።

ስኮትላንድ በ2004 ባወጣችው ሕግ፣ ፊንላንድም በ2011 አደራጅታ እስከ 2025 በሠራችበት የደረጃ ድጋፍ፣ እርዳታውን ከስሙ ለይተው ከፍላጎቱ ጋር አስረዋል። በወረቀት ላይ የእንግሊዝም ሕግ እንደዚያው ነው፤ በተግባር ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች «መጀመሪያ ዳያግኖሲስ አምጡ» ይላሉ፤ የምርመራ ወረፋውም ከ200 ሺህ ሰው በላይ ሆኗል። የብሔራዊ መመሪያው ቃል 3 ወር ሲሆን፣ ብዙ ልጆች የሚጠብቁት በዓመት ነው። ሕግ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ መምህሩ እጅ ላይ የሚደርስ ሙያና ሰው ከሌለ ሁሉም ወደ ሐኪሙ ደጅ ይሰለፋል።

ድጋፍን ማስቀደም የዋህነት ነው ለሚል ሰው የአውስትራሊያውን ሙከራ ላንሳ። በአንድሩ ዋይትሃውስ የተመራው ቡድን ገና ዓመት ገደማ የሆናቸውን፣ ምልክት የታየባቸውን ሕፃናት ወስዶ፣ ለግማሾቹ ወላጆች ከልጃቸው ጋር ሲጫወቱ የተቀረጸውን ቪዲዮ ከባለሙያ ጋር እያዩ የልጃቸውን ጥቃቅን ምልክቶች እንዲያነቡ አሠለጠነ። በ2021 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ልጆቹ 3 ዓመት ሲሞላቸው የኦቲዝምን መስፈርት ያሟሉት ከሠለጠኑት ወላጆች ልጆች 6.7 በመቶ፣ ከሌሎቹ 20.5 በመቶ ነበሩ። የልጆቹ ቁጥር መቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ሊደገም የሚገባው ሙከራ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ማንም ወረቀት አልሰጣቸውም ነበር።

ወደ አገራችን ስመጣ በቅድሚያ አንድ የእስራኤል ጥናት ይታወሰኛል። በ2004 የታተመ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ተወልደው ወደ እስራኤል ከገቡት ልጆች መካከል ኦቲዝምና መሰል እክል አለበት የተባለ አንድም አልተገኘም፤ እስራኤል ከተወለዱት የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን ከሌላው ሕዝብ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ተገኘ። ይህን ይዞ «ኦቲዝም የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባ ያሉት ማዕከላት ግን ከዚህ የተለየ ይመሰክራሉ። ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በቴሌቪዥን እየቀረቡ፣ ልጃቸውን ይዘው አደባባይ እየወጡ የብዙ ቤት የተቆለፈ በር አስከፈቱ። በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ ስለ ኦቲዝም የሚያውቀው የአዲስ አበባ ሰው ግማሽ ያህሉን የሰማው ከእሳቸው አፍ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች ጥረት ተከትሎ ቆሟል።

በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የሚመላለሱ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ በ2016 የታተመው ጥናት የሚነግረን ብዙ ነው። ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ፤ ብዙዎቹ ጸበልም፣ ሐኪም ቤትም ሞክረዋል። ያላገኙት ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ከሁሉ ቀድሞ የመጣው መድኃኒት ወይም ዳያግኖሲስ አልነበረም፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የልጄ ትምህርት አሉ። ወረቀቱ በእጃቸው አለ፤ የሚከፍተው በር ግን የለም።

ስለዚህ ከለንደንና ከሲድኒ የመጣውን «ከልክ በላይ ተሰጠ» የሚል ሥጋት እንዳለ ወስዶ አዲስ አበባ ላይ መድገም ጎጂ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ አብዛኛው ልጅ ስሙን የሚጠራለት ባለሙያ ፊት ቀርቦ አያውቅም። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። በከተማው አንዳንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት አፉን ያልፈታ የሦስት ዓመት ልጅ ሲመጣ «ኦቲዝም ነው፣ ወረቀት አምጡ» ይባላል፤ ወረቀቱ ሲመጣ ደግሞ «እኛ ጋ አይሆንም» ወይም «ሻዶ ቲቸር (ልጁን ለብቻው የሚከታተል ረዳት) በራሳችሁ ቀጥራችሁ ላኩት» ይከተላል። በሌላው አገር ወረቀት የሚያስገባ ሲሆን፣ እዚህ የሚያስወጣ ይሆናል። እንዲህ ያለ ወረቀት ለልጁ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ያመዝናል፤ ወላጅ ቢደብቀው አልፈርድበትም።

በክፍል ውስጥ የሚረዱት ነገሮች ብዙዎቹ ርካሽ ናቸው። የቀኑን ፕሮግራም በሥዕል ግድግዳ ላይ መለጠፍ፤ ደወል ከመደወሉ አምስት ደቂቃ በፊት «አሁን እንጨርሳለን» ብሎ ማስጠንቀቅ፤ ትእዛዝን አንድ በአንድ መስጠት፤ ጫጫታ ሲበዛበት የሚቀመጥበት ጥግ መስጠት፤ የማይናገረው ልጅ የሚፈልገውን በሥዕል ካርድ እንዲያሳይ ማስቻል። ልጁ ኦቲዝም ቢኖርበትም፣ ኤዲኤችዲ ቢሆንም፣ ወይም ገና አማርኛ እየተማረ ያለ የኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅ ቢሆን እነዚህ አይጎዱትም። ከባድ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን በዚህ ብቻ አይበቃውም፤ ለእሱ ሰው ያስፈልጋል፣ ብርቱ ሙያ ያስፈልጋል። የባለሙያው ውስን ጊዜ መጀመሪያ ለእሱ እንዲደርስ ነው ቀላሉ በክፍሉ መምህር መሸፈን ያለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት ያለው፣ ስፔሻሊስት ባልሆኑ ሰዎች የሚሰጥ ሲሆን ለኢትዮጵያ እንዲስማማ ተዘጋጅቶ ተሞክሯል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የልጅ ዕድገት እክልን እንዲለዩ ሥልጠና ተዘጋጅቶላቸዋል። ይኸው ዓይነት ሥልጠና ለመዋዕለ ሕፃናትና ለአንደኛ ደረጃ መምህራን እንዲዳረስ፣ በ2012 የወጣው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂም ከመደርደሪያ ወርዶ በምዝገባ ቀን እንዲሠራበት ትምህርት ቢሮዎች ይጠየቁ። በምዝገባ ቀን የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄም «ምን ተብሏል?» መሆኑ ቀርቶ «ምን ያስደስተዋል፣ ምን ያስጨንቀዋል፣ ሲፈልግ እንዴት ይጠይቃችኋል?» ይሁን፤ መልሱንም ከእናቱ አፍ የክፍሉ መምህር ራሷ ትጻፈው።